አንድ ድምፅ፣ ብዙ መውጫ

የቆየ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ሊገዛ የመጣ አዋቂ ሰው መጀመሪያ መሣሪያውን አዙሮ ጀርባውን ያያል። ፊቱ ላይ ያሉት ቁልፎችና መብራቶች ለዓይን ናቸው። ጀርባው ላይ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ግን መሣሪያው ከምን ከምን ጋር እንዲገጥም እንደተሠራ ይናገራሉ፦ ለሸክላ ማጫወቻ አንድ ጥንድ፣ ለራዲዮ አንድ ጥንድ፣ ለቴፕ መግቢያና መውጫ፣ በመጨረሻም ወደ ዋናው ማጉያ የሚሄደው ጥንድ። በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሥራ የሠራው «ቴፕ አውት» የተጻፈበት፣ ማንም ልብ የማይለው ቀዳዳ ነው።

የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያወጣው ምልክት 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ስፒከር ሊያናግር ቀርቶ ተራ ማጉያ እንኳ በቅጡ አይሰማውም። ፕሪአምፑ ይህን ደካማ ምልክት ያጎለብተዋል። ሸክላው ሲቀረጽ ሆን ተብሎ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅ ይመልሳል፤ የተጋነነውን ቀጭን ድምፅ ደግሞ ይቀንሳል። የዚህ ማስተካከያ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ ዓለም የተቀበለው ነው። ከዚያ በኋላ ምልክቱ መንታ መንገድ ይይዛል። አንዱ በድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ቁልፍ አልፎ ወደ ዋናው ማጉያና ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ሌላው ቁልፉ ጋ ሳይደርስ ተገንጥሎ በቴፕ አውት ይወጣል። የቤቱ ባለቤት እንግዳ መጥቶበት ሙዚቃውን ዝቅ ቢያደርገው፣ እንዲያውም ድርግም ቢያደርገው፣ የሚቀዳው ቴፕ ምንም አይጎድልበትም። መሐንዲሶቹ ይህን ያሰቡት ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚወደውን ሸክላ ለራሱ ለሚቀዳ ሰው ነበር። እዚህ አገር ግን ቀዳዳዋ ንግድ አቋቋመች።

ንግዱ ከተስፋፋባቸው ከተሞች አንዷ አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ እሷ በመስመሩ ላይ የምትገኝ ጣቢያ ሆነች። በኋላ ናዝሬት ተባለች፤ ዛሬ ስሟ ተመልሶላታል። የአሰላና የባሌው፣ የሐረርና የድሬዳዋው መንገድ ከእሷ ይነሳል፤ ወደ መቂ፣ ዝዋይ (ዛሬ ባቱ) እና ሻሸመኔ የሚወርደው ደግሞ ከጎረቤቷ ከሞጆ ይገነጠላል። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከከተማዋ ጥግ፣ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ወንጂ በየወሩ ደመወዝ የሚቆጥር ሠራተኛ አመጣ፤ ቆቃ መብራት አመጣ። ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ወደ አንድ አካባቢ የሚገቡት ደመወዝና መብራት ሲገናኙ ነው፤ የሸለቆው ከተሞች ደግሞ ሁለቱን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አገኙ።  

ሸክላ ግን ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የአዲስ አበባ ወጣት ይህን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አሳትሞ አወጣ። መንግሥትም ዝም አለ። ፊሊፕስ ተከተለ፤ ካይፋ የተባለው አሳታሚም ተከተለ። ይሁንና የታተመው ሸክላ ቁጥሩ የተወሰነ፣ ዋጋውም ለደመወዝተኛ የሚከብድ ነበር። አንድ ሸክላ ያለው ሰው ጓደኛ ይበዛበታል፤ ሁሉም «ቅዳልኝ» ይለዋል። ቴፕ ሪከርደር የሌለው ይሰማል፤ ያለው ገመድ ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ ገመድ መያዝና አለመያዝ ትልቅ ልዩነት ነበረው። ብዙው ሰው ይቀዳ የነበረው የቴፑን ማይክሮፎን ወደ ራዲዮው ስፒከር አስጠግቶ ነው። በእንዲህ ያለ ካሴት ላይ ከዘፋኙ ጋር የሕፃን ለቅሶ፣ የበር መንኳኳት፣ «ዝም በሉ እየቀዳሁ ነው» የሚል ድምፅ አብሮ ይሰማል። ገመድ ያለው ሰው ቅጂ ግን ንጹሕ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ቢሳሳቅም ቢጣላም ካሴቱ አይሰማውም። ገመዱ ራሱ ሌላ ችግር ነበረበት። የአውሮፓ ዕቃዎች አምስት እግር ባለው ክብ ሶኬት የሚገናኙ ሲሆን የጃፓኖቹ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ ይሠሩ ነበር። ሁለቱን ለማገናኘት ጫፍ ቆርጦ በካውያ መበየድ ብቻውን አይበቃም፤ በክቡ ሶኬት የሚወጣው ምልክት በጣም ደካማ ስለነበር የጃፓን ቴፕ ሲቀበለው ድምፁ ያንሳል፣ የቴፑ ሹክሹክታ ይጨምራል። ይህን የሚያውቅ ራዲዮ ጠጋኝ ያለበት ከተማ ዕድለኛ ነው።

ፊሊፕስ ካሴቱን በርሊን ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እኛ ዘንድ ሸክላን ከገበያ ያስወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ ወጣ፤ ሸክላ ማሳተሙ እየተዳከመ ሄደ፤ የሰዓት እላፊው የማታውን ዳንስ ከክበብና ከሆቴል አስወጥቶ ወደ ቤት አስገባው። ካሴት ለዚህ ኑሮ የተሠራ ይመስል ነበር። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በአውቶቡስ ይጓዛል፤ ከሁሉም በላይ ማንም ሰው ሌላ ካሴት ላይ ሊገለብጠው ይችላል።

በአዲስ አበባ አምባሰልን፣ ኤሌክትራን፣ ሱፐር ሶኒክን የመሰሉ ሙዚቃ ቤቶች ከዘፋኝ ጋር ተዋውለው ካሴት ያወጡ ነበር። የክፍለ ሀገር ሙዚቃ ቤት ግን በአብዛኛው አታሚ አልነበረም፤ ገልባጭ ነበር። ደንበኛው ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሱቁ መርጦ፣ አሰባጥሮ፣ ልክ 60 ደቂቃ አድርጎ ይቀዳለታል። ጥሩ ባለ ሱቅ የሚታወቀው በምርጫው ቅደም ተከተልና የካሴቱ ፊት ሲያልቅ ዘፈኑ መሐሉ ላይ ባለመቆረጡ ነበር።

የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ሪባኑ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ማቻኮል አይቻልም። ሁለት ካሴት የሚውጠውና በእጥፍ ፍጥነት የሚገለብጠው ዴክ በየሱቁ እስኪደርስ ድረስ መፍትሔው አንድ ነበር፦ ማስተሩን (የሚገለበጠውን ዋና ቅጂ) አንድ ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ ከፕሪአምፑ ቴፕ አውት ላይ ገመዱን እያባዙ፣ አራት አምስት አንዳንዴም አሥር ዴክ በአንድ ጊዜ ማስቀዳት። በዚያው ሰዓት ዋናው መውጫ ሥራ አይፈታም። በር ላይ የተሰቀለው ትልቅ ስፒከር የሚቀዳውን ዘፈን ለመንገደኛው ያሰማል። ቴፕ አውት ዕቃውን ያመርታል፣ ዋናው መውጫ ይሸጠዋል፤ ባለ ሱቁ ለመንገዱ ድምፁን ቢጨምርም ቢቀንስም በውስጥ የሚቀዳው ካሴት አይነካም። የፋብሪካው መሐንዲስ ለአንድ ሳሎን ብሎ የሠራው ክፍፍል ለአንዲት ጠባብ ሱቅ ማምረቻም ማስታወቂያም ሆነላት። የክፍለ ሀገር ሙዚቃ ቤት እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚጽፍ ሰው ከዘፋኞቹ ስም በፊት ይህን የገመድ አሠራር ቢያስቀድም አያጠፋም።

ስንት ዴክ ከአንድ መውጫ ይቀጠላል? ይህ የጠጋኞች የዘወትር ክርክር ነበር። መልሱ በቁጥር አለ። ቴፕ ዴክ ብዙውን ጊዜ ለሚቀበለው ምልክት 47 ሺህ ኦም ያህል ተቃውሞ ያሳያል። የፕሪአምፑ መውጫ የራሱ ተቃውሞ 1 ሺህ ኦም ከሆነ አንድ ዴክ ሲቀጠል ከምልክቱ የሚጠፋው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው፤ ጆሮ አይለየውም። አሥር ዴክ ሲቀጠል የዴኮቹ ተቃውሞ በጋራ ወደ 4 ሺህ 700 ይወርዳል፤ ቢሆንም ከምልክቱ ከአምስት አራት እጁ በላይ ይደርሳል። የርካሽ ፕሪአምፕ መውጫ ግን 10 ሺህ ኦም ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ አሥር ዴክ ሲሰካ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምልክት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ገመዱ ረጅም ከሆነ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ፣ የጸናጽሉና የማሲንቆው ጫፍ፣ ከሁሉ ቀድሞ ይበላል። ቦኖ ላይ ሃያ ጄሪካን በአንድ ጊዜ እንደመደቀን ነው፤ ውሃው አልጠፋም፣ ጉልበቱ ግን የለም። ቀጂው የጎደለውን ለማካካስ የዴኩን መቅጃ ቁልፍ ከፍ ያደርጋል፤ ከዘፈኑ ጋር ሹክሹክታውም አብሮ ከፍ ይላል። ይህ ቅጂ ሻሸመኔ ወርዶ ለሌላ ቅጂ ማስተር ሲሆን፣ ከዚያም አርሲ ነገሌ ሲገባ፣ ሦስተኛው ልጅ የአባቱን ድምፅ ማስታወስ ያቅተዋል። የዚያ ዘመን አድማጮች ከዘፈኖቹ ጋር ያንን «ሽ…» የሚል ድምፅ የሚያስታውሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

አዋቂ ጠጋኝ በመሐል አንድ ትንሽ ሳጥን ይሠራ ነበር። በውስጡ አንድ ወይም ሁለት ትራንዚስተር፣ በጀርባው የመውጫ ረድፍ አለ። ሳጥኗ ድምፅ አታጎላም፤ ከፕሪአምፑ ጥቂት ወስዳ ለሁሉም ዴክ እኩል ጉልበት ትሰጣለች። በራዲዮ ጣቢያዎች ውስጥ ይህ መሣሪያ የክብር ስምና ዋጋ አለው። በገጠር ከተማ ሱቅ ውስጥ ግን በቆርቆሮ ተጠቅልሎ፣ በቁልፍ ፈንታ ምስማር ተመትቶበት ይሠራ ነበር።

በዚህ ገመድ ላይ የሄደው ዘፈን ብቻ አልነበረም። ናዝሬት ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሰማይ ብርሃን የተባለው የወጣቶች መንፈሳዊ እንቅስቃሴ የተነሳባት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሰደደባት ከተማ ናት። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗን ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ያዙ። መዝሙሩም እንደነሱ ተበታትኖ በካሴት ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ከሸለቆው ደቡብ የተነሳው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለሰባት ዓመት ያህል በእስር ሲቆይ መዝሙሮቹ ግን አልታሰሩም። በዚህ ጊዜ ቅጂ የሚደረገው በር ላይ ስፒከር ተሰቅሎ አልነበረም፤ ዋናው መውጫ ተዘግቶ በቴፕ አውት ብቻ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ሁለቱን መውጫ ለገበያ ሲጠቀምባቸው ምእመናኑ አንዱን ለምስጢር ተጠቀሙበት።

የኦሮምኛ ዘፈን ታሪክም ከዚህ አይለይም። በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለው ቡድን ያፈራው አሊ ቢራ የተነሳው በዚያው የባቡር መስመር ላይ ነው፤ ሐዲዱ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ካሴትም ያመላልስ ነበር። የኦሮምኛ ዘፈን በመንግሥት ራዲዮ የሚያገኘው ሰዓት ጠባብ በነበረበት ዘመን አርሲና ባሌ፣ ሸዋና ጉጂ ድረስ ያደረሰው የገልባጮች ሰንሰለት ነው። አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው አዳማ ውስጥ ነው።

ገልባጭ ሌባ ነበር ወይስ አከፋፋይ? ሁለቱም ነበር። ዘፋኙ ከአሥሩ ዴክ አንዱንም ሳያይ ድካሙ ይሸጥበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት፤ ነገር ግን የሱቅ ዴክ የሚቆጥር አካል አልነበረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ካሴት ራሱ ለሲዲ ቦታ እየለቀቀ ነበር። ከዚያ ፍላሽ መጣ፣ ስልክ መጣ። በመጨረሻ ገልባጩ ከሠራተኛነት ወደ ፋይል ጫኝነት ወረደ፤ ማስተርና ቅጂም አንድ ሆኑ፤ ሹክሹክታው ጠፋ። የሱቁ ጥበብም አብሮ ሄደ።

ሻሸመኔ ላይ ግን የፕሪአምፕ መውጫ ፈጽሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች የመንገዶች መገናኛ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ለውጭ ጥቁር ሕዝቦች 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር፣ መሬት የሰጡባት ናት። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ፣ ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው የራስተፈሪያን ብዛት የጉብኝቱን ሥርዓት አቃወሰው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሻሸመኔ የሚመጡት ጃማይካውያን በረከቱ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የእነሱም መሬት አብሮ ሄደ፤ ከተመለሰላቸው ጥቂት ቦታ ጋር መንደሩ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦብ ማርሊ ራሱ ሻሸመኔን አይቷታል።

እነዚህ ሰዎች ይዘውት የመጡት የሙዚቃ ባህል ከፕሪአምፕ ተለይቶ አይታይም። በኪንግስተን የሳውንድ ሲስተም (በትልልቅ ስፒከሮች የሚካሄድ የዳንስ ድግስ) ታሪክ ውስጥ ሄድሊ ጆንስ የሚባል ሰው አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል በራዳር ቴክኒሽያንነት ያገለገለ፣ ሲመለስ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ መቆጣጠር የሚያስችል ማጉያ ሠራ። ቶም ዎንግ የተባለ የሃርድዌር ነጋዴ ማሽኑን ሰምቶ ለራሱም አሠራ፤ «ቶም ዘ ግሬት ሰባስቲያን» በሚል ስም የከተማዋን ዳንስ ገዛ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሥራውን ወደ ፕሪአምፑ ወሰዱት። የሬጌ ሳውንድ ሲስተም ፕሪአምፕ አንድ ምልክት ተቀብሎ በሦስት ወይም በአራት መውጫ ይከፍለዋል። አንዱ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ይዞ ለትላልቆቹ ስፒከሮች ብቻ ወደተመደበ ማጉያ ይሄዳል፤ ሌላው መካከለኛውን፣ ሌላው ቀጭኑን። መሪው ቤዙን በአንድ ቁልፍ ድርግም አድርጎ ሕዝቡን በቀጭኑ ድምፅ ካናፈቀው በኋላ ሲለቅበት መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ትራንስፎርመር በመጠቅለልና ራዲዮ በመጠገን ይኖር የነበረው ኪንግ ተቢ ይህን ጨዋታ ወደ ስቱዲዮ አስገብቶ ደብ የተባለውን የሙዚቃ ስልት ካቀኑት አንዱ ሆነ።

ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። የአዳማው ሙዚቃ ቤት አንዱን ድምፅ ሳይለውጥ ለብዙ ዴክ ያድላል፤ ሁሉም መውጫ ተመሳሳይ ነው። የሬጌው ፕሪአምፕ ግን አንዱን ድምፅ ከፋፍሎ ለየማጉያው የየድርሻውን ይሰጣል፤ ሦስቱ መውጫ ተደምሮ ነው አንድ ዘፈን የሚሆነው። ለዚህም ነው ለቤት የተሠራ ፕሪአምፕ ሻሸመኔ ለሐምሌ 16 የንጉሡ ልደት በዓል ሲቀርብ ድምፁ ከበሮ በሌለበት ሠርግ የሚመስለው። በእርግጥ በራስተፈሪያኑ ቤተ መቅደስ የሚመታው የኒያቢንጊ ከበሮ ገመድ አይፈልግም፤ በዓሉ ሁለቱንም ያስተናግዳል።

  

አዳማ በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ተብላ፣ በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ የቀረላት ነገር ቢኖር የስብሰባ ከተማነቷ ነው። የክልሉ ምክር ቤት የጨፌው ጉባኤዎች፣ የፓርቲ ስብሰባዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሥልጠናዎች አዳራሾቿን ይሞላሉ። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክም እዚያው ነው። በአዳራሽ ውስጥ አንድ ተናጋሪ ሲነሳ አሥር ጋዜጠኛ የየራሱን ማይክሮፎን መድረኩ ላይ ይቆልላል፤ ካልሆነም ድምፅ ባለሙያው ከሚክሰሩ አንድ መውጫ አውጥቶ ብዙ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ላይ ይሰካላቸዋል። ይህ ሳጥን ያ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ የኖረው የካሴት ገልባጮች ሳጥን ነው፤ አሁን ግን ፋብሪካ ይሠራዋል፣ እያንዳንዱም መውጫ በትራንስፎርመር ከሌላው የተለየ በመሆኑ አንዱ ጋዜጠኛ የተበላሸ ገመድ ቢሰካ የሌላው ቅጂ አይጮህም።

ቤት ውስጥ ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። ፕሪአምፕ ያለው ሰው አንዱን መውጫ ለማጉያው ሰጥቶ ሌላውን ለሰብዉፈር፣ ለጆሮ ማዳመጫ ማጉያ ወይም ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ይፈልገዋል። ሁለተኛ መውጫ ከሌለው በመንታ ገመድ አንዱን ለሁለት መክፈል ይችላል፤ ከላይ ከተቆጠረው እንደሚታየው፣ የመውጫው ተቃውሞ አነስተኛ ከሆነ ለሁለት መሣሪያ ሲከፈል የሚጠፋው ምልክት እዚህ ግባ አይባልም። የሚከለከለው ግልባጩ ነው፦ በዚያው መንታ ገመድ የሁለት መሣሪያ መውጫ ወደ አንድ መግቢያ ማጣመር። አንዱ መውጫ ሌላውን እንደ ጭነት ይሸከመዋል፤ ድምፁ ይደክማል፣ ይዛባል፣ መሣሪያውም ሊጎዳ ይችላል። የግድ ከሆነ በየገመዱ 1 ሺህ ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሬዚስተር ይበየዳል፤ ለዚህም ካውያ የያዘ ጠጋኝ አዳማ ውስጥ አሁንም አይጠፋም።